ክር ለቃል ሲመልስ፦ ስለ ጊታር ጌቶችና ስለ ማሲንቆ ባለሙያዎች የቀረበ ሙግት

«ከጊታር ተጫዋቾች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የባሕር ማዶ ጥያቄ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በቡሬ የቡና ቤት በረንዳ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል በሚመላለሰው አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ሲነሣ ይሰማል። አንዱ ጂሚ ሄንድሪክስን ያነግሣል፤ ሌላው ኤሪክ ክላፕተንን ያስቀድማል፤ ሦስተኛው በቢ ቢ ኪንግ ይምላል፤ አራተኛው የሁሉም ምንጭ እርሱ ነው ብሎ ሮበርት ጆንሰንን ይጠራል። ሙግቱ ሲግል ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ደወል ሲደወል ተሟጋቾቹ ሳይስማሙ ወደየክፍላቸው ይበተናሉ።

እንዲህ ያለውን ክርክር የሥራ ፈት ጨዋታ አድርገው የሚንቁ አሉ። ይህ ጸሐፊ ከእነርሱ ጋር አይቆምም። ስለ ክር ድምፅ እስኪቆጣ ድረስ የሚከራከር ሰው ጆሮው ሕያው የሆነ ሰው ነው፤ ሕያው ጆሮ በሌለበት አገር ደግሞ ኪነ ጥበብ አይበቅልም። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ክርክሩ ከተያዘበት ሚዛን ጋር ነው። ሚዛኑ ጠማማ በመሆኑ ሄንድሪክስን የሚያደንቀው መምህር የሄንድሪክስን ትልቅነት በማይገኝበት ቦታ ይፈልገዋል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምንኛ በቀለለ! ያው ጠማማ ሚዛን ከቡና ቤት ተነሥቶ የባህል ውድድር ዳኞች ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ የጎጃም ማሲንቆ መቺም ይመዘንበታል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሦስት ጠማማ ሚዛኖች

አንደኛው የፍጥነትና የትርዒት ሚዛን ነው። በዚህ ሚዛን ባለሙያው የሚለካው በአንድ ትንፋሽ ስንት ድምፅ ደረደረ፣ በመድረክ ላይስ ምን አስደናቂ ነገር አደረገ ተብሎ ነው። ሄንድሪክስን የሚያነሡ ወጣቶች ዘወትር የሚነግሩን ጊታሩን በጥርሱ መምታቱንና እ.ኤ.አ. በ1967 በሞንቴሬይ መድረክ ላይ በእሳት ማቃጠሉን ነው። እሳት ማንም ያነዳል፤ ለእሳት ማንደድ የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም። የፍጥነትን ሚዛን የያዘ ሰው ማሲንቆ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ፍርዱ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። ጊታር ስድስት ክር አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት አለው፤ ማሲንቆ አንድ ብቻ። ድምፅ በመቁጠር የሚደረግ ውድድር ከሆነ ባለ አንድ ክሩ ከቤቱ ሳይነሣ ተሸንፏል።

ሁለተኛው የዝርዝር ሚዛን ነው። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 የመቶ ታላላቅ ጊታር ተጫዋቾችን ዝርዝር አውጥቶ ነበር። አንደኛ ሄንድሪክስ፣ ሦስተኛ ቢ ቢ ኪንግ፣ አራተኛ ክላፕተን፣ አምስተኛ ሮበርት ጆንሰን። ከተሟጋቾቻችን መካከል ይህን ዝርዝር እንደ ዳዊት በቃሉ የሚወጣው አለ። ዝርዝሩን ያወጡ ሰዎች የራሳቸውን ጆሮ ምስክርነት ሰጥተዋል፤ መብታቸው ነው። የእኛ ሰው ግን የእነርሱን ምስክርነት ተበድሮ የራሱን ጆሮ ሥራ ሲያስፈታው ከአድማጭነት ወደ ጸሐፊነት ይወርዳል፤ የሰማውን የሚመዘግብ፣ ያልሰማውን የሚፈርም ጸሐፊ ይሆናል።

ሦስተኛው የትውልድ አገር ሚዛን ነው። ይህኛው ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል። «ጊታር የባዕድ ዕቃ ነው፤ ስለ ጊታር መሟገት ራሱ ባህልን መክዳት ነው» የሚሉ አሉ። የሚናገሩት ስለ ማሲንቆ ተቆርቁረው ይመስላል። በሠርጋቸው ቀን ግን ማሲንቆ መቺውን ትተው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ የሚያስመጡት እነርሱ ናቸው። ማሲንቆን የሚያከብር ሰው ክብሩን በሠርጉ ዳስ ያሳያል፤ በስብሰባ ላይ ጊታርን በመስደብ አያሳይም።

ሦስቱም ሚዛኖች የሚጋሩት አንድ ጉድለት አለ። ክሩ ለማን እንደሚናገር፣ ለምንስ ነገር መልስ እንደሚሰጥ አይጠይቁም።

ሰም፣ ወርቅና በመካከላቸው ያለው ጊዜ

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉት ስሞች ከየአቅጣጫው የቆሎ ተማሪ የሚጎርፍባቸው የቅኔ ቤቶች ስሞች ናቸው። አዝማሪው የዚህ ዓለም ጎረቤት ነው። ሊቁ በግዕዝ የሚሠራውን ሰምና ወርቅ አዝማሪው በአማርኛ፣ በጠጅ ቤትና በሠርግ ዳስ፣ ያለ ብራናና ያለ ወንበር ይሠራዋል። በሠርጉ ዳስ ውስጥ አንድ ተጋባዥ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ከዚያ ቃሉ ያበቃና ማሲንቆው ብቻውን ይቀራል።

ይህን ማሲንቆው ብቻውን የሚቀርበትን ጊዜ ብዙ ሰው እንደ መሸጋገሪያ ይቆጥረዋል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚሰበስብበት፣ አድማጩ ብርሌውን የሚያነሣበት ባዶ ጊዜ አድርጎ ያየዋል። ስሕተቱ ትልቅ ነው። ለማስረጃ ያህል ይህ ጸሐፊ ራሱ የቋጠራትን አንዲት ስንኝ እነሆ፦

ማሳው ጦም አደረ፣ ሐዘን ልቤን ዋጣው፤
ቡሬ ቀረ አሉኝ ማለዳ የወጣው።

አገሬው እንደሚያውቀው ዝንጉርጉር በሬ «ቡሬ» ይባላል። እንግዲህ መጀመሪያ ጆሮ ላይ የሚደርሰው በሬው ነው፤ ጠዋት ለግጦሽ የተሰማራው ቡሬ ሳይመለስ ቀረ፣ የሚጠመድ ታጣ፣ ማሳው ጦም አደረ። ይህ ሰሙ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሌላው ነገር ብቅ ይላል፤ በማለዳ ከቤት የወጣው ልጅ ነው፤ ቡሬ ከተማ ገብቶ በዚያው ቀረ። የጠፋው በሬ ሳይሆን እርፍ የሚጨብጠው እጅ ነው። ይህ ወርቁ ነው። ከሰሙ እስከ ወርቁ ያለው መንገድ የጥቂት ትንፋሽ መንገድ ነው። ያንን መንገድ አድማጩ የሚሄደው በማን ተመርቶ ነው? በማሲንቆው ተመርቶ ነው።

ዐዋቂው ማሲንቆ መቺ «ቀረ አሉኝ» የምትለውን ሐረግ ዜማ በክሩ ላይ መልሶ ያነሣታል፤ አንድ ጊዜ እንደ ቃሉ አድርጎ ይላታል፣ ሁለተኛ ጊዜ ጥቂት ያዘገያታል፣ ሦስተኛው ላይ ጫፏን ሳይጨርስ ይተዋታል። በዚያ በተተወው ጫፍ ላይ ከዳሱ ጥግ አንድ አዛውንት «እህ!» ይላሉ፤ ወርቁ ተገኝቷል። ያላወቀው ማሲንቆ መቺ ግን ቃሉ እንዳለቀ ደጋኑን እንደ መጋዝ ያስሮጠዋል። ዳሱ ያጨበጭባል፤ አድማጩም በሬውን እንደያዘ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጁ ጠፍቶ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የክር ባለሙያ መለኪያው ለቃል የሚሰጠው መልስ ነው። ቃሉ በአፍ የተነገረ ሊሆን ይችላል፤ በአድማጩ ልብ ውስጥ ያለ፣ ያልተነገረ ቃልም ሊሆን ይችላል። ክሩ ያንን ቃል ተቀብሎ፣ አክሎበት፣ አድማጩ ራሱ እንዲደርስበት ጊዜ ከሰጠው ተጫዋቹ ታላቅ ነው። ካልሰጠው ጣቱ ምንም ያህል ቢፈጥን ታላቅ አይደለም።

በዚህ ሚዛን የጊታር ጌቶች ሲመዘኑ

እንግዲህ ወደ ቡና ቤቱ ሙግት እንመለስ። ይህ ጸሐፊ ሳይሸሽግ የሚያስቀድመው ቢ ቢ ኪንግን ነው።

ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1925 ሚሲሲፒ ተወልዶ በ2015 ያረፈ፣ በልጅነቱ በጥጥ እርሻ ላይ የሠራ ሰው ነው። እየዘፈነ በዚያው ቅጽበት ጊታር መምታት እንደማይሆንለት በግልጽ ይናገር ነበር። አንድ ሐረግ በድምፁ ያወጣል፤ ዝም ይላል፤ ጊታሩ ይመልስለታል። የፍጥነት ወገኖች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩበታል። በጎጃም ሚዛን ግን የችሎታው ሁሉ ሥር ይኸው ነው፤ ኪንግ በራሱ ዳስ ውስጥ «ተቀበል» ባዩም ተቀባዩም ነበር። ሌላው አሥር ድምፅ የሚያፈስበትን ቦታ እርሱ በአንድ ድምፅ ይሞላዋል፤ ያችኑ አንድ ድምፅ በጣቱ እያርገበገበ እንደ ሰው ጉሮሮ ያስለቅሳታል። ጊታሩን «ሉሲል» ብሎ መጥራቱም ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1949 በአርካንሶ በአንድ የጭፈራ አዳራሽ ሁለት ሰዎች በአንዲት ሴት ተጣልተው እሳት ሲነሣ ኪንግ ጊታሩን ለማውጣት ወደ ቃጠሎው ተመልሶ ገባ። የሴትየዋ ስም ሉሲል መሆኑን በሰማ ጊዜ ያን የመሰለ ሞኝነት እንዳይደግም ለማስታወሻ ስሙን ለጊታሩ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ የሚቆሙት ሁለት ነበሩ፤ ተናጋሪና መላሽ። የቴአትር ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል፤ ቃለ ተውኔት ማለት ይኸው ነውና።

ሄንድሪክስ ከእርሱ ቀጥሎ ይቀመጣል፤ ግን በጥርሱና በእሳቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1969 በዉድስቶክ መድረክ ላይ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር ያለ ቃል በጊታር ብቻ ተጫወተው። የቬትናም ጦርነት እየነደደ ነበር፤ ራሱ ሄንድሪክስም ቀደም ሲል በአየር ወለድ ጦር ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። የመዝሙሩ ግጥም ስለ ሮኬትና ስለ ቦምብ ይናገራል። ሄንድሪክስ እነዚያ ቃላት በሚገኙበት ቦታ ሲደርስ ዜማውን አቋርጦ ክሩን አስጮኸው፤ አፈነዳው። አፉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሆኖም ቃሉን በቃሉ የማያውቅ አድማጭ አልነበረም፤ ብዙዎቹም ክሩ የሚናገረው በዚያን ሰዓት በሩቅ አገር ስለሚወርደው ቦምብ መሆኑን ተረዱ። ሰሙ መዝሙር፣ ወርቁ ጦርነት። በጥርሱ የመታውን ሄንድሪክስን የሚያደንቅ ሰው ሰሙን እንኳ አላገኘም።

ሮበርት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1936 እና በ1937 የቀረጻቸው ዜማዎች 29 ብቻ ናቸው፤ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። ስለ እርሱ የሚወራው ተረት ታወቀ እንጂ ሙያው በደንብ አልታወቀም፤ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሽጦ ችሎታ ገዛ ይሉታል። ይህ ተረት ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። አንጥረኛውን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያልን የባለሙያን የእጅ ድካም ለመንፈስና ለርኩሰት ስንሰጥ የኖርን ሰዎች ነን፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ጥቁሩ የሚሲሲፒ ድሃ ሌሊቱን ሙሉ ተለማምዶ ያገኘውን ችሎታ ሰይጣን ሰጠው ማለትና አንጥረኛውን ቡዳ ማለት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ክላፕተንን በተመለከተ አድናቂዎቹ በ1960ዎቹ በለንደን ግድግዳ ላይ «አምላክ ነው» ብለው ጽፈውለት ነበር። ይህ ጸሐፊ ከአምላክነቱ ይልቅ ተማሪነቱን ያከብርለታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የሮበርት ጆንሰንን ዜማዎች ብቻ የያዘ ሙሉ አልበም አውጥቶ መምህሩን በስሙ ጠርቷል። መምህርን በስም መጥራት በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደጎደለ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ክር የሚያዋርድ አይደለም

አሁን ደግሞ «ብሉዝና ማሲንቆ ምን አገናኛቸው?» ለሚል ሰው መልስ ይገባዋል። የሚያገናኛቸው ነገር በእጅ የሚዳሰስ ነው።

የጊታር አንገት በብረት መከፋፈያዎች የተከፋፈለ ነው፤ ጣት በሁለት መከፋፈያዎች መካከል ሲያርፍ የሚወጣው ድምፅ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የሰው ድምፅ ግን መከፋፈያ የለውም። ስለዚህም የሚሲሲፒ ብሉዝ ባለሙያዎች ክሩን በጣታቸው ወደ ጎን መጎተት፣ ወይም የጠርሙስ አንገትና ቢላ በክሩ ላይ ማንሸራተት ጀመሩ። ከመከፋፈያው እስር ወጥተው ወደ ጉሮሮ ለመጠጋት የደከሙት ድካም ነው። ማሲንቆ ይህ እስር ከጥንቱም የለበትም። የፈረስ ጭራው ከእጀታው ርቆ የተወጠረ በመሆኑ ጣቱ ክሩን እንጨት ላይ ሳይጭን በአየር ላይ እንዳለ ይነካዋል፤ ድምፁ እንደ እንጉርጉሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ጊታሩ በብርቱ ጥረት የሚደርስበት ቦታ የማሲንቆው መነሻ ነው።

ሁለተኛው ግንኙነት በቅኝት በኩል ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ብሉዝም ከሁሉ በላይ የሚመላለስበት ባለ አምስት ድምፅ መሰላል ከባቲ ዓይነቶች ከአንዱ ጋር የሚገጥም ነው። ክራር ቅኝቱን የሚያውቅ የቡሬ ወጣት የብሉዝን ዜማ ሲሰማ የዘመድ ቤት የገባ ያህል የሚሰማው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው ማስረጃ ሰው ነው። የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ (እ.ኤ.አ. 1939–2006) በልጅነቱ የተማረው ባለ አንድ ክር የአገሩን መሣሪያ ነበር፤ በደጋን የሚመታውን ባለ አንድ ክር ንጃርካም ይጫወት ነበር። ጊታርን ያነሣው በ1956 የጊኒውን ፎዴባ ኬይታን ከሰማ በኋላ ነው። ያነሣውን ጊታር የሌላ ሰው ቋንቋ አላስተማረውም፤ በወንዙ ዳር የተማረውን ነው ያናገረበት። ዓለም «የአፍሪካ ብሉዝ» ብሎ አደነቀው፤ ከራይ ኩደር ጋር በ1994 ያወጣው አልበም የግራሚ ሽልማት አገኘ። እርሱ ግን ራሱን ገበሬ አድርጎ ያስተዋውቅ ነበር፤ በኋላም የከተማው የኒያፉንኬ ከንቲባ ሆነ። ክረምት አርሶ በጋ ማሲንቆ ይዞ ለሚዞር የምዕራብ ጎጃም ሰው ከዚህ የበለጠ ቅርብ አብነት የለም። «ጊታር የባዕድ ነው» ባዮችም መልሳቸው ከዚህ አለ፤ መሣሪያ የሚናገረውን ቋንቋ የሚወስነው የተሠራበት አገር ሳይሆን የያዘው እጅ ነው።

በአገራችን ማን ይቀድማል?

የባሕር ማዶውን ከመረጥን ዘንድ የቤታችንን መሸሽ አይገባም። ከክራር ሰዎች መካከል ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩ ስሞች ናቸው። የካሳን ክብደት የማይቀበል የለም፤ ቃሉ እንደ ዕንቁ ድንጋይ አንድ በአንድ ይወርዳል፣ ክራሩም በትሕትና ይከተላል። ይህ ጸሐፊ ግን ምርጫው አስናቀች ናት። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፈችው ይህች የመድረክ ቀዳሚ ተዋናይት ክራሩን እንደ ሁለተኛ ተዋናይ ታቆመው ነበር። እርሷ ስታሾፍ ክራሩ ይኮሳተራል፤ እርሷ ስታዝን ክራሩ ያባብላታል። ከሜሪ የበለጠ ኃይል አላት አይባልም፤ ከሁሉ የበለጠ ጭውውት ግን አላት። በመልስ ሚዛን ጭውውት ይደፋል።

በጊታር በኩል በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተው ሰላም ሥዩም ይቀድማል ባይ ነኝ። የእርሱ ጊታር ከዘፋኙ ኋላ ሆኖ የክራርን ድርድር እያስታወሰ ይሄዳል፤ ቃሉን ሳይሸፍን ይመልስለታል። «ለብቻው ሲጫወት ብዙ አልሰማንም» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። መልሴ አጭር ነው፤ የሰው ቃል ሳያቋርጥ የሚመልስ ሰው በመድረክ ላይም በሸንጎ ላይም ብርቅ ነው።

በማሲንቆ በኩል ጌታመሳይ አበበ ስሙ ይነሣል። በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ሳለ ቻርልስ ሰተን የተባለ አሜሪካዊ ከእርሱ ማሲንቆ ተማረ፤ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ዞሮ በዚያ አገር ታዋቂ በሆነው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ። ይህን የምናነሣው ማሲንቆ የፈረንጅ ምስክር ያስፈልገዋል ብለን አይደለም። የባሕር ማዶው ሰው ጊታሩን ትቶ ከእኛ ባለ አንድ ክር እግር ሥር ሲቀመጥ የእኛ ሰው ከዚያው ክር አጠገብ ተነሥቶ መሄዱን ለማስታወስ ነው።

ከጌታመሳይ በኋላ ግን ዝርዝራችን ይሳሳል። ምክንያቱ ባለሙያ ስለጠፋ አይደለም። በካሴቱ ዘመን በሽፋኑ ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው የዘፋኙ ስም ነበር፤ ማሲንቆ መቺው «አጃቢ» ተብሎ ያልፋል። ከጅጋ እስከ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ስንት ጌታ ስሙ ሳይጻፍ አልፏል! ማንኩሳን በሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የማያውቅ መምህር የለም፤ የማንኩሳን ማሲንቆ መቺ በስሙ የሚያውቅ መምህር ግን ስንት ነው?

ዳኛው የሸለመውን ሕዝብ ይለማመደዋል

ይህ ጸሐፊ ከተመልካች ጋር ተቀምጦ በአንድ የባህል ውድድር ላይ ያየውን ሳይናገር ማለፍ አይችልም። ከቡሬ ገጠር የመጣ አንድ ጎልማሳ ማሲንቆውን ይዞ ቀረበ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነበር። ጎልማሳው ማሲንቆውን በሚገባ አስተካከለ፤ አንድ ስንኝ አወጣ፤ ክሩ መመለስ ጀመረ። ከአዳራሹ ኋላ ወርቁን ያገኙት ሳቅ ሲጀምሩ ደወሉ ተደወለ። ቀጥሎ የመጣው ወጣት ልብሱ የተተኮሰ፣ እስክስታው የተለማመደ ነበር፤ ደጋኑን አስሮጠ፣ ተንበርክኮ መታ፣ ማሲንቆውን ከኋላው አዙሮ መታ። ተሸለመ። በዳኞቹ ወረቀት ላይ ለአለባበስ፣ ለእንቅስቃሴና ለቅልጥፍና ነጥብ ነበረ። ለግጥም አልነበረም። ክሩ ለግጥሙ ለሚሰጠው መልስማ ማን አስቦ!

በወጣቱ ላይ ቅሬታ የለንም፤ የተጠየቀውን አቅርቧል። ነገሩ የአንድ ሽልማት ጉዳይ ቢሆን ኖሮም ይህን ያህል ቀለም አይባክንበትም ነበር። ዳኛ የሸለመውን ሕዝብ ይለማመደዋል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ሁሉ መልሱን ቆርጠው ፍጥነቱን ይዘው ይመጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሲንቆ መቺዎች ይኖሩናል፤ ቃል የሚቀበል ማሲንቆ ግን አይኖረንም። ያን ጊዜ «ወጣቱ ለባህሉ ግድ የለውም» ብሎ ማማረር ራስን ማታለል ነው።

የማሲንቆን ክብደት ጠላት እንኳ አውቆት ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ትእዛዝ ሲሰጥ ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር ዘዋሪ ዘፋኞችም ተይዘው እንዲገደሉ አዝዟል። በመትረየስና በአውሮፕላን የሚመካ ገዢ ባለ አንድ ክር መሣሪያ የፈራው ለምን ነበር? ደጋኑ ስለፈጠነ አልነበረም። ሰሙን እየሰማ ወርቁን ስለማያገኝ፣ ሕዝቡ ግን ስለሚያገኝ ነበር። በ1933 ዓ.ም. የቡሬና የማንኩሳ የጠላት ምሽጎች እስኪለቀቁ ድረስ በጎጃም ዱር የአርበኛውን ልብ ያቆየው ሽለላና ፉከራ ነበር፤ ያም የቃልና የመልስ ኪነ ጥበብ ነው። ጠላት የፈራውን ነገር እኛ በሦስት ደቂቃ ደወል ስናስቆመው ሊያፍሩ የሚገባቸው ጆሮዎቻችን ናቸው።

ምን ይደረግ?

ሂስ መፍትሔ ካላዘለ እርግማን ነው፤ ስለዚህ የሚከተለው ይቀርባል።

አንደኛ፣ የባህል ውድድር የሚያዘጋጁ ክፍሎች በዳኝነት ወረቀታቸው ላይ ለግጥምና ክሩ ለግጥሙ ለሚሰጠው መልስ ከፍተኛውን ነጥብ ይመድቡ። ተመልካቹ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይስጥ፤ ባለሙያው በዚያው ይፈተን። ያልተለማመደበትን ቃል ተቀብሎ የሚመልስ ሰው ባለሙያ ነው። ለዚህ ሦስት ደቂቃ አይበቃም፤ ጊዜው ይጨመር፣ የተወዳዳሪው ቁጥር ይቀነስ።

ሁለተኛ፣ ከመድረክ ላይም ሆነ በማንኛውም ቀረጻ ላይ የማሲንቆ፣ የክራርና የዋሽንት ባለሙያው ስም ከዘፋኙ ስም ጋር ይነገር፣ ይጻፍ። ክላፕተን ጆንሰንን በስሙ ከጠራ የእኛ ዘፋኝ ከጎኑ የቆመውን ሰው ስም መጥራት አይከብደው።

ሦስተኛ፣ ሰምና ወርቅን የሚያስተምር የአማርኛ መምህር በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የአካባቢውን ማሲንቆ መቺ ወደ ክፍሉ ያምጣ። ተማሪው ወርቁን ለማግኘት ጊዜ እንደሚያስፈልግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚማረው ይልቅ በጆሮው ቢማረው ይጸናል። የትምህርት ቤቶች አመራርና የባህል ካድሬዎች ይህን የሚያግዝ አነስተኛ በጀት ለማግኘት የሚቸገሩ አይመስለንም።

አራተኛ፣ ጊታር የያዘውን ወጣት ማንም አያባርረው። ሙዲ ዋተርስ ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ ተሰዶ በ1940ዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታር ያነሣው በጫጫታው አዳራሽ ውስጥ ድምፁ እንዲሰማ ነው፤ ከአገሩ ይዞት የወጣውን ብሉዝ ግን አልጣለም። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ጊታረኛም እንዲሁ ያድርግ፤ ከሄንድሪክስ ቅጂ ጋር አንድ ዓመት ከተቀመጠ ከአንድ አዛውንት ማሲንቆ መቺ ጋርም አንድ ዓመት ይቀመጥ። ያን ጊዜ የሚያወጣው ድምፅ የማንም ግልባጭ አይሆንም።

ሙግቱ ግን ይቀጥል። ሄንድሪክስን ከኪንግ፣ ካሳን ከአስናቀች የሚያስበልጥ ሰው ካለ ብዕሩን ያንሣና በዚሁ መጽሔት ላይ ይመልስልኝ። በአንድ ትንፋሽ ስንት ድምፅ እንደተደረደረ ግን ቆጥሮ አይላክልኝ፤ ክሩ ለየትኛው ቃል ምን ብሎ እንደመለሰ ይንገረኝ።